አርባ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር

«ኣያ ረዳኢ ዛሬ ኮዱን ብቻ ያውጣልኝ እንጂ፣ ነገ ጠዋት ዕቃቸውን በር ላይ ያገኙታል።»

ረዳኢ ይህን የሰማው ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳሙና እንደተቀባ፣ መኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሞ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚናገረው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሃፍታይ ነበር፤ መቀሌ፣ ሮማናት አካባቢ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማውራት የሚባል ነገር ፈጽሞ የማይሆንለት ሰው። ዕቃቸው በር ላይ የሚወጣባቸው ደግሞ ሾፌሩ ጀላሉና ሚስቱ ሁሪያ ናቸው። ከወሎ መጥተው፣ እሱ የሃፍታይን ትንሽ ነጭ መኪና ኮንትራት እየነዳ፣ እሷ ለግንበኞች ሻይና ብስኩት እየሸጠች፣ በሃፍታይ ግቢ ሰርቪስ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ኖረዋል። ሚስቱ ለተመድህን ከወንድሟ አጠገብ ምስር ትለቅማለች። ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንሿሿ ይሰማል። ረዳኢ ምላጩን አለቀለቀና የቀረውን ጢሙን ሳይቸኩል ጨረሰ። እህትና ወንድም ሲያወሩ መሃል መግባት አይወድም፤ ሳይጠሩት ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ነው። ሃፍታይ መኪናዋን ሊሸጥ ገዢ አምጥቶ ነበር። ገዢው ኮፈኑን ሲከፍት ከጦርነቱ በፊት የተለጠፈች፣ ጠርዟ የተበላ የዘይት መቀየሪያ ወረቀት አገኘ፤ «ቀጣይ ቅያሬ 186,000» ትላለች። ወደ ውስጥ ገብቶ ቆጣሪውን ሲያይ 163,412 ይላል። በዚያም አላበቃም፤ ዓይኑ እያየ የጌጁ መብራቶች በሙሉ ቦግ አሉ፣ መርፌዎቹ ተኙ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ ተመለሰ። ጌጅ የሚሉት ከመሪው ኋላ ያለውን፣ ፍጥነቱን፣ ነዳጁንና ኪሎሜትሩን የሚያሳየውን ገበታ ነው። ገዢው «ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል» ብሎ እጁን በመሐረብ ጠርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሃፍታይ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋም። መኪናዋን የያዘው ጀላሉ ነው፤ ተደብቆ የሄደበትን መንገድ ለመሸፈን ቁጥሩን አስመልሷል፤ ሲያስመልስ ጌጁን አበላሽቷል፤ አለቀ። በዚያው ምሽት ለሱቅ ጎረቤቶቹ፣ ለአጎቱ ልጅ፣ ለሰፈሩ ጥበቃ ሳይቀር ነገረ። የቀረው ነገሩን ሙያ ባለው ሰው አፍ ማስባል ብቻ ነበር።

ያ ሰው ረዳኢ ነው። አርባ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ «ረዳኢ ካለ አበቃ» የሚባልለት። ጋራዡ በጦርነቱ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ስለቀረ፣ አሁን የሚሠራው እዚሁ ግቢው ውስጥ፣ ከኩሽናው ጎን በወጣች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ጠረጴዛው በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው፤ እጀታው እንኳ አልወለቀለትም። ኮድ የሚያነበው ማሽን ከጋራዡ ጋር ሄዷል። ረዳኢ ግን ማሽኑ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ፤ ጌጁ ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ መጫኛ በጣት ጫን አድርጎ ይዞ ቁልፉን ቢያዞሩት፣ አንዳንድ ጌጅ ራሱን እንደሚፈትሽና የጎደለበትን በፊደልና በቁጥር እንደሚናገር ያውቃል። የኮዶቹን ትርጉም በአንድ ወፍራም ደብተር ጽፎ ይዟል። ሙያውን የተማረው በአማርኛ ስለሆነ እስከ ዛሬ የመኪና ነገር የሚጽፈው በአማርኛ፣ መኪናን የሚራገመው ግን በትግርኛ ነው። ከጋራዡ ሁሉ የተረፈው ይህ ደብተርና «ረዳኢ ካለ» የምትለዋ ቃል ናት፤ ሰውዬው ሁለቱንም ይሳሳላቸዋል።

የዚህችን መኪና ስም ሲሰማ ግን ደስ አላለውም። መንታ ነበረቻት። የረዳኢ ልጅ ሓፍቶምና ሃፍታይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የገዟቸው፣ ቀለማቸው እንኳ የማይለይ ሁለት መኪኖች ነበሩ። በዚያ ክፉ ጊዜ መቀሌ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዘራፊዎች እንዳይነዱበት የሆነ ነገር ይፈታ ነበር፤ አንዱ ጎማ፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ መሪውን ሳይቀር። ረዳኢ የሁለቱንም ጌጅ ፈታ፤ ያለ እሱ አይነሡም። የሓፍቶምን በራሱ በሓፍቶም ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የሃፍታይን በዱቄት ከረጢት ጠቅልሎ ገብስ በሞላ በርሜል ውስጥ ቀበራቸው። የሓፍቶም መኪና አልነሣ ስትል ተጎትታ ተጭና ተወሰደች። የሃፍታይ ከሲሚንቶ ክምር ኋላ ተረፈች። ሰላም ሲመጣ ረዳኢ ከረጢቱን ፈትቶ ጌጁን መለሰላት። ያን ቀን እሱ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋልሎ ሶኬት ሲያገናኝ ቁልፉን ያዞረው ሃፍታይ ነበር፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ረዳኢም እጁን ሳይታጠብ ወደ ቤቱ ሄደ። የልጁን መኪና የምትመስል መኪና ውስጥ ተቀምጦ የጌጇን መስተዋት ማየት አልፈለገም።

ሸሚዝ የለበሰው ጌጅ ሓፍቶም ከሄደበት ጦርነት እስኪመለስ ሊቆይለት ነበር። ሓፍቶም አልተመለሰም፤ መርዶው መጣ፤ አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ለተመድህን ጌጁን ከነሸሚዙ ሳንዱቋ ውስጥ አስቀመጠችው። በየወሩ የሚካኤል ዕለት አውጥታ መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ታብሰውና ትመልሰዋለች። ሓፍቶም በሕይወት ሳለ «ቀስ ብለህ ንዳ» ሳትለው፣ እሱም «እሺ ኣደይ»፣ እሺ እናቴ፣ ሳይላት አንድ ቀን የግቢውን በር ዘግታ አታውቅም፤ ከመርዶው በኋላ ደግሞ ባሏን «ኣቦ ሓፍቶም»፣ የሓፍቶም አባት፣ ማለት ትታ ረዳኢ ትለው ጀመር። ሁለት ጊዜ «በባትሪ አብራልኝና ቁጥሩን ልየው» ብላው ነበር። ሁለት ጊዜም «እሺ፣ ነገ» አላት። የዚህ ሰው ነገ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀላሉ መኪናዋን አስገባ። ሃፍታይ ቁልፉን ከእጁ ተቀብሎ ለረዳኢ ሰጠው፤ ሾፌሩን እያየ አይደለም፣ በሱ በኩል ያለውን ግድግዳ እያየ ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ከዚህ እንዳይሄድ» አለና ወጣ። ለተመድህን ምስሯን አስገብታ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ገበያ ሄደች። ስታልፍ ጀላሉን «ከመይ ሓዲርካ»፣ እንዴት አደርክ፣ አለችው፤ እንደ ወትሮው ስለ ሁሪያ ግን አልጠየቀችም። ጀላሉም አንገቱን ደፍቶ መለሰላት። ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ የሸሚዙን ሁሉንም ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ አልነካሁትም» አለ።

«እስቲ መጀመሪያ እሱን እንጠይቀው» አለ ረዳኢ፤ እሱ ያለው ጌጁን ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሸሻት መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መጫኛዋን በቀኝ አመልካች ጣቱ ጫን አድርጎ ይዞ በግራ እጁ፣ እንደ ምንም ተጣምሞ፣ ቁልፉን አዞረ። መርፌዎቹ በአንድነት ተነሥተው እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ተመለሱ። ቁጥሩ ሁሉ ስምንት ሆነ። መብራቶቹ በሙሉ በሩ። ረዳኢ አንድ በአንድ ሲቆጥራቸው ከነዳጁ መብራት ላይ ደረሰና ዓይኑ ቀረ። የዚህ ዓይነት መኪና የነዳጅ መብራት ብርቱካንማ ነው። ይህኛው ቀይ ነው።

«ይቺ መብራት ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ከተረከብኳት ጀምሮ ቀይ ናት። ተሳፋሪ ሲጠይቀኝ ነዳጅ ሲያልቅባት ታፍራለች እላቸዋለሁ።» ጀላሉ ፈገግ ሊል አስቦ ተወው።

ኮዶቹ መጡ። ሁለት ናቸው። ረዳኢ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈለጋቸው። የመጀመሪያው በ«ዩ» የሚጀምረው ነው፤ የጌጁ መስመር ይቆራረጣል ማለት ነው፤ ሶኬቱ ላልቷል ወይም አቧራ ገብቶታል። የመብራቱ ቦግ እልም ምክንያቱ ይኸው ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ሁለተኛው በ«ቢ» የሚጀምር ነው። ደብተሩ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት በራሱ እጅ የጻፈው እንዲህ ይላል፤ «ጌጁ የያዘው የሻንሲ ቁጥር የዚህ መኪና አይደለም። ጌጁ ከሌላ መኪና የመጣ ነው።» ሦስት ጊዜ አነበበው። የራሱ ጽሑፍ ባይሆን ኖሮ ጸሐፊው ተሳስቷል ይል ነበር።

«ስትረከባት ስንት ይል ነበር?»

«መቶ ሃያ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት። የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ አልረሳውም። ትናንት ለጋሼ ሃፍታይ ነገርኩት፤ እንዲያውም ባሰበት።»

ቁጥሩን ረዳኢ የሆነ ቦታ ያውቀዋል። ስሙ ጠፍቶበት ፊቱ የማይጠፋ ሰው እንደማግኘት ሆነበት። ካቻቢቴውን አንሥቶ የመሪውን ዙሪያ ፈታ፣ ጌጁን ስቦ አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ በመስተዋቱ ደፋውና የኋላ ክዳኑን ከፈተ። ከማዕዘኑ ሁለት ፍሬ ገብስ ወደቀ። የነዳጁ መብራት አምፖል ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል፤ ወፍራም፣ አንዱ ጎን ላይ የወረደ። ይህን ቀለም ያውቀዋል። አምፖሉ ሲቃጠል ብርቱካንማው ከከተማው ጠፍቶ፣ ነጭ አምፖል የሴት ልጁን የዳናይትን የጥፍር ቀለም ቀብቶ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። ዳናይት ያኔ ገና አላገባችም፤ «ቀለሜን ጨረሳችሁት» ብላ አኩርፋ፣ ሓፍቶም ደግሞ እየሳቀ ቆሞ ነበር፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ እዚሁ በር ላይ።

«ጀላሉ» አለ ረዳኢ፣ ቀና ሳይል። «ስግደትህ ደርሷል። ሂድ ስገድ፣ ምሳህንም ብላ። በዘጠኝ ሰዓት ና።»

«እንዳይሄድ ብለዋል እኮ ጋሼ ሃፍታይ።»

«እኔ ሂድ ብዬሃለሁ።»

ልጁ ሲወጣ ረዳኢ የግቢውን በር ዘጋና ወደ መኝታ ቤት ገባ። የሳንዱቁ ቁልፍ ከለተመድህን ትራስ ሥር ነው፤ አርባ ዓመት አብሯት ሲኖር ነክቶት አያውቅም። ጥቅሉን አውጥቶ እንደታቀፈ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ሸሚዙን ሲፈታ እጁ ታዘዘለት፤ ሽቦዎቹን ከባትሪው ወደ ጌጁ ሲያገናኝ ግን ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው መስተዋቱ በራ። 184,217። ከመርዶው ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሓፍቶም ነው ተብሎ ሲጠበቅ የኖረው የሃፍታይ ጌጅ ነበር። ረዳኢ ሽቦውን ነቅሎ ቁጭ አለ። ቆይቶ ተነሣና ሓፍቶም የነዳጁን ነገር ይጽፍባት የነበረችውን ትንሽ ደብተር ከመሳቢያ አወጣ፤ የመጨረሻው መስመር፣ በዚያ በተንጋደደ ቁጥሩ፣ 121,306 ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው።

እንዴት እንደተቀያየሩ አልገባውም። የገባው ሌላ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚስቱ እንደለመነችው በባትሪ አብርቶት ቢሆን ኖሮ በዚያችው ደቂቃ ያውቀው ነበር። የሌላውን ሰው መኪና በፊደልና በቁጥር ሲያናግር የኖረ ሰው የገዛ ቤቱን ሳንዱቅ ለመክፈት ፈራ፤ ፍርሃቱን ደግሞ ሌላ ሰው ሊከፍልለት ነው። አፈረ። አፍሮም አላበቃ፣ ማሰብ ጀመረ። ሁለቱን ጌጆች ዝም ብሎ ቢያቀያይራቸውስ? መኪናዋ 184,217 ትላለች፣ ከወረቀቷ ጋር ትስማማለች፤ የሓፍቶም ወደ ሸሚዙ ይገባል፤ ለተመድህን ምንም አታውቅም፤ «ረዳኢ ካለ» እንደሆነ ይቀጥላል። ሃፍታይ ብቻ «ያ ልጅ የመለሰውን ኣያ ረዳኢ አስተካከለው» ይላል። ጀላሉም ሌባ እንደሆነ ይቀራል፤ ሌባነቱንም ያጸደቀው ረዳኢ ይሆናል። ምሳ ሳይበላ፣ ሁለቱ ጌጆች ፊቱ ተጋድመው፣ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጠርዝ እስክትወርድ እዚያው ተቀመጠ።

ሃፍታይ የመጣው ከሰዓቱ ቀድሞ ነው። ረዳኢ ነገሩን በትግርኛ፣ ሳይቀባባ ነገረው። ሃፍታይ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። አንዱን ጌጅ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሸሚዙን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ ሓፍቶም የእህቱ ልጅ ብቻ ሳይሆን ጓደኛውም ነበር። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው።

«ኣያ፣ እንተወው።»

«ምኑን?»

«ይሄን። አንተ ቀያይራቸው፣ አበቃ። ለሓፍተይ፣ ለእህቴ፣ ምን ልትላት ነው? ስታብሰው የኖረችው የኔ መሆኑን ስትሰማ ምን ትሆናለች? ያ ልጅ ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል። በሐሰት የከሰስኩት አስመስለህ በገበያው ፊት አታቁመኝ።»

«ከስሰኸዋል እኮ» አለ ረዳኢ።

«ስለ እህቴ ነው የምለው።»

ረዳኢ ካቻቢቴውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ግማሹ ስለ እህቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ሌላው ግማሽ ስለ ሱቁ እንደሆነም ያውቃል፤ የሚያሳፍረው ደግሞ የራሱም ሐሳብ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ አለመለየቱ ነው። ረዳኢ እሺ ሊል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ነበር።

የግቢው በር ተንኳኳና ጀላሉ ገባ። ከኋላው ለተመድህን ዘንቢሏን ይዛ፤ በር ላይ ተገናኝተው ሽንኩርቱን ሊሸከምላት ሲል እንቢ ብላው ነበር። ጀላሉ ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ሸሚዙን ቀይሯል፤ የታጠበ ነጭ ነው፣ ችሎት እንደሚቀርብ ሰው።

«ጋሼ ረዳኢ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሁሪያ ዕቃውን ሸክፋለች፣ እሱ አልቋል። ግን የእኔ እጅ አለበት? እርስዎ የለበትም ካሉ ለኔ ይበቃኛል።»

ረዳኢ ከተቀመጠበት ተነሣ። ተቀምጦ የሚነገር አልመሰለውም።

«የለበትም» አለ፣ በአማርኛ። «ጌጁን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስመልስ የሓፍቶምን ለሃፍታይ መኪና አስገባሁ። ሳላይ አስገባሁት። አንተ የተረከብከው ቁጥር ትክክል ነው፣ ዛሬም የሚለው ትክክል ነው።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ የቀረውን በትግርኛ ሊነግራት አፉን ከፈተ። አላስፈለጋትም። ሸሚዙን አይታዋለች።

ለተመድህን ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ሃፍታይ ቁልፎቹን በኪሱ ውስጥ ሲያንቀጫቅል ይሰማ ነበር። «አጥቤው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሸሚዙን። ገብሱ ነቀዝ ሲገባበት ሸተተ፤ ልጄ ሲመጣ ሸሚዙን እንዲህ ሸቶ አያገኘውም ብዬ ሁለቱንም ጨርቅ አወጣሁና አጠብኩ። ሲደርቅ መልሼ ጠቀለልኳቸው። ሁለቱ ጌጆች አንድ ዓይነት ናቸው። ከኔ ሌላ ማን ይነካዋል ብዬ ነው።» ሸሚዙን ዳሰሰችና፣ «እና በየሚካኤሉ የማብሰው የማን ነበር?»

«የኔ ነው፣ ሓፍተይ» አለ ሃፍታይ።

ሳቅ ይሁን ሌላ የማይለይ ድምፅ ከደረቷ ወጣ። «አንተን ነው እንዲህ ያለቀስኩልህ፣ ሃፍታይ? ሱቅህ እኮ ሮማናት ነው። መጥቼ ባይህ ይሻለኝ ነበር።» ሃፍታይ መሬቱን አየ። ወንድሟን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ዝም ያሰኘ ሰው ከዚያ በፊት አልተገኘም።

ቀጥሎ ሃፍታይ ወደ ጀላሉ ዞረና፣ ይቅርታ ከአንደበቱ ሳይወጣ፣ ይቅርታ ጠይቆ እንደጨረሰ ሰው ተናገረ። «በቃ፣ ተጣራ አይደል። ማን ውጡ አለ? ዕቃችሁን ፍቱ፣ መኪናዋንም ገዢ እስኪገኝ ያዛት።»

«ለእናንተ ተጣራ ጋሼ» አለ ጀላሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው የከበደው። «ለጥበቃው ማን ያጣራዋል? ሁሪያ ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዛ ወጥታ ግንበኞቹ ኪሳቸውን እየጠበቁ ነው ከሷ የገዙት። ነገ ወደ ኩሓ እንሄዳለን፤ የአገሬ ልጅ ጃፋር ቤት አለው።»

«ነገ ጠዋት እኔ እዞራለሁ» አለ ረዳኢ። «ሱቅ በሱቅ። ጥበቃውም ጋ። እኔ አጠፋሁ ብዬ በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

ጀላሉ አመሰገነው፤ እቀራለሁ ግን አላለም። ሃፍታይም «አያስፈልግም» ሊል ጀምሮ፣ የእህቱን ፊት ሲያይ ዋጠው። ጥቂት ቆሞ፣ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ። መኪናዋን እንዳለች ትቷት ሄደ።

ረዳኢ ሁለቱን ሽቦዎች አነሣና አሁን ወደ ሌላኛው ጌጅ፣ የጥፍር ቀለም ወዳለበት አገናኛቸው። በዚህ ጊዜ አልሳተም። መስተዋቱ በራ፤ መርፌዎቹ ትንሽ ተንቀጠቀጡና ቆሙ። ለተመድህን ቀርባ ጎንበስ አለች። የዓይኗ ነገር ስላልሆነላት ቁጥሩን እሱ አነበበላት። ቀጥሎ የልጁን ደብተር ከፍቶ የመጨረሻውን መስመር አነበበላት።

«ሓፍቶም እዚህ ላይ ነው የተወው?»

«እዚህ ላይ።»

«ከዚያ ወዲህስ? ይሄ ሁሉ?»

«አርባ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ነው። ከመቶ ስድስት ጋር። እሱ የነዳው ነው» አለ ረዳኢ፣ በአገጩ ወደ ጀላሉ እያመለከተ።

ለተመድህን ዞራ ልጁን አየችው። ጠዋት ከመይ ሓዲርካ ብላው ያለፈችውን፣ ሽንኩርቷን አታነሣም ያለችውን ልጅ አሁን ገና እንዳየችው ሆነች። ከጠረጴዛው ሥር በርጩማ ሳበችና በእጇ መታ መታ አድርጋ አሳየችው። «ና ተቀመጥ» አለች፣ በምትችለው አማርኛ። «ንገረኝ። ወዴት ወዴት ሄደ?»

ጀላሉ መጀመሪያ አልገባውም፤ ረዳኢን አየ። ሲገባው ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከቅርቡ ጀመረ፤ ከሮማናት እንዳ ኢየሱስ ተማሪ ማመላለሱን፣ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ማርሽ መቀነሱን። ከዚያ ውቅሮ። ዓዲግራት፣ ሠርግ የሚሄዱ ሽማግሌ ከነበጋቸው ጭኖ። ሓገረ ሰላም፣ ጉም ወርዶ መብራት አብርቶ። ምጥ የያዛት ሴት ከኩሓ፣ ሆስፒታል በር ላይ ስትደርስ የተወለደ ልጅ። አክሱም ለኅዳር ጽዮን፣ ሁለት ጊዜ፤ «እኔ ውጭ እየጠበቅሁ» አለ። ማይጨው። ሽረ፣ ልጃቸውን ፍለጋ ከሚሄዱ እናት ጋር፤ ያንን ሲናገር ቆም አለና ዘለለው። ለተመድህን ግን «አገኙት?» አለች። «አላገኙትም» አላት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥል አለችው። ረዳኢ እርሳሱን አንሥቶ፣ ከሓፍቶም የመጨረሻ መስመር ሥር፣ የሚጠሩትን ቦታዎች በራሱ እጅ ጽሑፍ አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረ። ለምን እንደሚጽፍ አላወቀም፤ ገጹ ባዶ ስለሆነ ይሆናል። ለተመድህን የነጠላዋን ጫፍ ይዛ የመስተዋቱን አቧራ ታብስ ነበር፤ ከሥሩ ቁጥሩ እንደበራ ነው።

«ኣቦ ሓፍቶም» አለች፣ ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳታነሣ። «ባትሪው እንዳይደክም። ግን ትንሽ ይቆይ።»

ረዳኢ እርሳሱን አቆመ። ይህን ስም ከሰማው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሺ አለ፤ ነገ ግን አላለም።

ጀላሉ የሚያስታውሰውን ጨርሶ ነበር። ግቢው ውስጥ ጥላው ረዝሟል፤ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ለተመድህን ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ ከሁሉ አስቀድማ ልትጠይቀው ፈልጋ እስካሁን ያቆየችው ጥያቄ ነበራት።

«ስትነዳው» አለች፣ «ቀስ ብለህ ነበር?»

«ቀስ ብዬ ነበር፣ ኣደይ።»